ጋሽ ሚዛንና የልጃቸው ኪሎ

ሰውን ለመጥላት ብዙ ምክንያት አለ፤ ጋሽ ሚዛንን ለመጥላት ግን አንዱ ይበቃል፤ አሥራ አምስት ኪሎ። በዚያች ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ዕቃ ሲመዝኑ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያውቀው የድርጅቱ መዝገብ ብቻ ነው፤ ከካፒቴኑ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉም ጋሽ ሚዛን ነው የሚላቸው። እሳቸውም ለምደውታል። አንድ ቀን አንድ እንግዳ በትክክለኛ ስማቸው ቢጠራቸው፣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ወደኋላ ዞረው አይተዋል።

ድርጅቱ ትንሽ ነው፤ ያሉት አውሮፕላኖች በአንድ እጅ ጣት ይቆጠራሉ። ወደዚህ የምትመጣው አሥራ ዘጠኝ ሰው የምትይዘዋ ናት። ማክሰኞና ዓርብ ረፋድ ላይ ትመጣና ሰው አራግፋ፣ ሰው ጭና ትመለሳለች። ለአንድ ትኬት የሚፈቀደው አሥራ አምስት ኪሎ ነው፤ እሱም የእጅ ቦርሳው ተጨምሮበት። ዕቃው ከተመዘነ በኋላ ደግሞ ባለቤቱ ሚዛን ላይ ይወጣል። አዎ፣ ሰውዬው ራሱ! ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሰውን ክብደት በግምት ይዘው ይሄዳሉ አሉ፤ ለዚህችኛዋ ግን ግምት አያዋጣትም። የሰውና የዕቃው ድምር ተጽፎ ካፒቴኑ እጅ ካልገባ ሞተር አይነሳም።

ይኼን ለመንገደኛ ማስረዳት ነው እንግዲህ የጋሽ ሚዛን ሥራ። ሥራ ነው ከተባለ! በየሳምንቱ አንድ ቀጭን ተከራካሪ አይጠፋም። «እኔ ሃምሳ አምስት ኪሎ ነኝ» ይላል ደረቱን ነፍቶ። «ያ ሰውዬ መቶ አሥር ይሆናል። የሱን ግማሽ ነኝ፤ ልዩነቱን በዕቃ ብጭንበት ምን አለበት?» ነገሩ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ጋሽ ሚዛን ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላቸው መልስ አንድ ነው። «ወንድሜ፣ ሰውዬው ሥጋውን ቤቱ ጥሎ መምጣት አይችልም፤ አንተ ግን ይኼን ብረት ድስት ትተህ መሄድ ትችላለህ።» ሰልፈኛው ይስቃል። ቀጭኑ አይስቅም፤ ድስቱን ግን ይተዋል።

ተንኮሉስ ቢባል! አንዱ ሻንጣው እንዲቀልለት ሦስት ሱሪና አራት ሹራብ ደራርቦ፣ በዚያ ሙቀት ላቡ እየተንቆረቆረ ይመጣል። አንዷ ደግሞ የብረት ዘነዘና ሆዷ ላይ አስራ ነፍሰ ጡር ነኝ አለች። ጋሽ ሚዛን «እሰይ፣ ስንተኛሽ ነው?» ቢሏት፣ ደንግጣ «ሦስት ኪሎ» ብላ አረፈችው። ስለዚህ ካፖርት የለበሰ ሰው ሲያዩ ዓይናቸው ወደ ኪሱ ነው። ያበጠ ልብስ ይወልቅና ከሻንጣው ጋር ይመዘናል፤ ልመና የለም፣ ዘመድ አዝማድ የለም።

አንድ ነገር ግን ይነገርላቸው። የሰው ክብደት ጮክ ብለው አይናገሩም። በጀመሩበት ዓመት የአንዲት ሴት ኪሎ ሰልፈኛው ፊት ጠርተው፣ ያ ሁሉ ሰው ሳቀባት፤ ሴትየዋ አውሮፕላን ውስጥ እስክትገባ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩን አይተው ይጽፋሉ፣ ወረቀቱን ይገለብጡታል፤ አለቀ።

ማክሰኞና ዓርብ እንዲህ ይሟሟቃሉ። የቀሩት አምስት ቀኖች ናቸው የሚከብዱት። ሚስታቸው ከሞቱ ስምንት ዓመት ሆነ። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ብቻቸውን ይኖራሉ፤ የሚበሉበት አንድ ሳህን ነው፣ የቀሩት ከቁም ሳጥኑ ወጥተው አያውቁም። ሻይ ቤት ሲገቡ ወንበር የሚስብላቸው የለም። ባለሱቁ እህቱ የላከችለትን የመኪና ባትሪ ያስቀሩበትን አልረሳም፤ አስተማሪው መጻሕፍቱን፣ ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱን። ሰላምታ ይሰጧቸዋል፣ አይካድም፤ ግን እንደ ግብር ከፋይ ነው የሚሰጡት። ስለዚህ አውሮፕላን በሌለበት ቀንም ቢሮ ይሄዳሉ። የሚዛኑን አቧራ ይወለውላሉ፣ ዜሮ ላይ መቆሙን ያያሉ፣ ትንሽ ይቀመጣሉ። ማታ ቤት ገብተው ከራዲዮው ጋር ይከራከራሉ። «ውሸታም!» ይሉታል የአየር ትንበያ አንባቢውን፤ ከዚያ ሌላ የሚያናግሩት ሰው የላቸውም።

ያላቸው አንዲት ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሚጡ ነው የሚሏት፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞልቷትም ያው ሚጡ ናት። ትልቁ ከተማ ውስጥ ማተሚያ ቤት ትሠራለች። በዓመት አንድ ጊዜ ፈቃድ ወስዳ ትመጣና ዓርብ ገብታ በሚቀጥለው ዓርብ ትመለሳለች። ጋሽ ሚዛን እነዚያን ሰባት ቀኖች አሥራ አንድ ወር ከምናምን ይጠብቋቸዋል። ስትመለስ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ትመዘናለች፤ ሌላው አባት የልጁን ፎቶ ኪሱ ይይዛል፣ እሳቸው ኪሎዋን ይይዛሉ። ካቻምና ስልሳ አራት ነበረች። አምና ስልሳ አንድ።

ዘንድሮ ከአውሮፕላን ስትወርድ ጉንጯ ሟሽሾ፣ ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ ነበር። አቅፈው ሲስሟት ካፖርቱን ያቀፉ መሰላቸው።

«ከሳሽ እኮ፣ ሚጡ።»

«ውይ አባዬ! ከተማ ውስጥ እኮ ሰው ከፍሎ ነው የሚከሳው። እኔ በነፃ ስላገኘሁት ደስ አይልህም?»

ሳቁ። ሳምንቱን ሙሉ ግን ሳቁ አልቆየላቸውም። ምግብ ሲቀርብ «ቅድም ቀምሻለሁ» ትላለች። ከሰዓት በኋላ ትተኛና አምስት ሰዓት ያህል አትነሳም። ሻሹን ቤት ውስጥም አታወልቅም። እናቷ ብትኖር በመጀመሪያው ቀን ሻሹን ገፍፋ፣ ሐቁን አውጥታ፣ ሁለቱንም አስለቅሳ ጨርሳው ነበር። አባትየው ግን ፈራ ተባ ሲሉ ሰነበቱ። ማታ ማታ በሯ ድረስ ይሄዱና ትንፋሿን አዳምጠው ይመለሳሉ። በልባቸው የያዙት አንድ ነገር ነበር፤ ዓርብ ይደርሳል፣ ሚዛኑ ይነግረኛል።

ጉድ እኮ ነው! ልጁን ቁጭ አድርጎ «ምን ሆነሻል?» ማለት ሲገባው ሚዛን የሚጠብቅ አባት አያችሁ? ግን ምን ይደረግ፣ አይፈረድባቸውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሁሉ እየዋሸ ሲያልፍባቸው፣ አንድ ቀን ያልዋሻቸው ያ ብረት ብቻ ነው።

ዓርብ ደረሰ። ፀሐዩ ከማለዳው ነው የነደደው። ሚጡ ካፖርቷን ለብሳ፣ አንድ ትንሽ ሻንጣ ይዛ ተሰለፈች። ሻንጣው ሰባት ኪሎ። ቀጥሎ ራሷ ወጣች። ጋሽ ሚዛን መርፌው ወዲያ ወዲህ ብሎ እስኪቆም ዓይናቸውን አልነቀሉም።

ሃምሳ ዘጠኝ።

ከአምናው ሁለት ኪሎ ብቻ! ሁለት ኪሎ ምን አላት፣ ትኩሳት ይዞት የከረመ ሰው እንኳ ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ደረታቸው ላይ የተቀመጠው ነገር ሁሉ ብድግ አለላቸው። «በይ ውረጂ፣ ሚዛኔን እንዳትሰብሪብኝ» አሏት ጮክ ብለው። ሚጡ ሳቀች። ሰልፈኛው ጋሽ ሚዛን በሰው ኪሎ ሲቀልዱ ሰምቶ ስለማያውቅ እርስ በርሱ ተያየ። ካፖርቷን መዳሰስ ለአፍታም ትዝ አላላቸውም፤ ደግሞስ ለምን ትዝ ይበላቸው? ሰው ኪሱ ውስጥ የሚደብቀው ሻንጣው ሲሞላ ነው። እሷ ገና ስምንት ኪሎ ተርፏታል።

ሁሉም ተመዝኖ ካበቃ በኋላ ካፒቴኑ ዝርዝሩን ይዞ ተመልሶ መጣ።

«ጋሽ ሚዛን፣ ሙቀቱ በርትቷል። በዚህ አየር ይኼን ሁሉ ይዤ አልነሳም። አሥራ ሁለት ኪሎ ይቀነስልኝ።»

ሙቀት ሲበዛ አየሩ ይሳሳል፣ አየር ሲሳሳ ትንሽ አውሮፕላን መነሳት ይቸግራታል፤ ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲህ ሲመጣ ደግሞ ሠራተኞቹ ራሳቸው ያወጡት ደንብ አለ። መጀመሪያ የሚወርደው የሠራተኛ ዘመድ ዕቃ ነው፤ ሰው «ለወገናቸው አደሉ» እንዳይል። እሱ ካልበቃ በመጨረሻ የተመዘገበው መንገደኛ ዕቃውን ይተዋል፣ በሚቀጥለው በረራ ይላክለታል። ጋሽ ሚዛን የሚጡን ሻንጣ አወረዱ። ሰባት ኪሎ። አምስት ይቀራል።

በመጨረሻ የተመዘገቡት አንዲት አሮጊት ነበሩ። ልጃቸው መንታ ተገላግላ ሊያርሷት የሚሄዱ፣ ጥቅላቸውን በሁለት እጃቸው ያቀፉ ሴት። ጋሽ ሚዛን ፊታቸው ቆመው ነገሩን አስረዷቸው። አሮጊቷም ሰሟቸው፣ ሰሟቸውና ጥቅሉን ይበልጥ ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

«የኔ ወንድም፣ ሰባት ወር በእጄ የሠራሁት የሕፃናት ልብስ ነው። ባዶ እጄን ገብቼ ምን ልበላት?»

«እናቴ፣ ማክሰኞ ይደርስልዎታል።»

«ማክሰኞማ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ የምታየኝ ዛሬ ነው» አሉና እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ጋሽ ሚዛን እንዲህ ያለ እንባ ስንቴ አይተዋል! እጃቸው ግን ተዘርግቶ ይቆያል። አሁንም እጃቸውን እንደዘረጉ ነው ሚጡ ከኋላ ክንዳቸውን የነካቻቸው።

«አባዬ፣ ተዋቸው። አንዴ ወደ ውስጥ ና።»

ትኬት መቁረጫው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋችው። የካፖርቷን ቁልፍ ፈታች። ወገቧ ላይ በሌላ ሻሽ የታሰረ ነገር ነበር፤ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረችው። ከሰፈሩ ሱቅ የተገዛ ጨው ነው፤ ከነላስቲኩ፣ አንድ አንድ ኪሎው። ስድስት።

«ከኔ ላይ ስድስት ኪሎ ቀንስ» አለች።

ጋሽ ሚዛን መጀመሪያ አልገባቸውም። ኪሎ የሚደብቅ ሰው በሺህ የሚቆጠር አይተዋል፤ ኪሎ ተበድሮ ሚዛን ላይ የሚወጣ ግን አይተው አያውቁም። ከዚያ ካፖርቱ ተከፍቶ ውስጡ ያለውን ሰውነት አዩ። ቀሚሱ ከትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል እንጂ አልለበሰችውም። ሃምሳ ዘጠኝ ሲቀነስ ስድስት። ቁጥር ላይ አይሳሳቱም፤ ግን ሦስት ጊዜ ቀነሱት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስምንት ወር። እጢ ነው፣ አባዬ። በየሦስት ሳምንቱ መድኃኒት ይሰጡኛል። ነገ ተራዬ ነው።»

«ማነው ሐኪም ቤት አብሮሽ የሚሄደው?»

«ብቻዬን ነው የምሄደው። ስመለስ በታክሲ።»

ስምንት ወር። በነዚያ ስምንት ወሮች እሳቸው ሚዛን ሲወለውሉ ነበር። ከራዲዮ ጋር ሲጣሉ ነበር። በየሳምንቱ ሲደውሉላት «ደህና ነኝ አባዬ» ስትል፣ ዕፎይ ብለው ስልኩን ሲዘጉ ነበር። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«እኔ አባትሽ አይደለሁም? እንደነዚህ ሰዎች ታታልይኛለሽ?»

«ሚዛኑን እንደምትጠብቅ አውቄ ነዋ! ሳምንቱን ሙሉ በዓይንህ ስትመዝነኝ ነበር። ደስ ብሎህ እንድትሸኘኝ ፈለግኩ፣ ሌላ ምንም የለኝም።»

«ማክሰኞ ተከትዬሽ እመጣለሁ።»

«አትመጣም።» ድምፅዋ ጠነከረ። «አንተ ሥራህን ጥለህ ከመጣህ እኮ በጣም ታምሜያለሁ ማለት ነው። አሁን ሥራ እገባለሁ፣ ከሰው ጋር እስቃለሁ፣ ማንም አያውቅብኝም። ተወኝ፣ አባዬ። ስጠራህ ትመጣለህ። ማልልኝ።»

ውጪ ካፒቴኑ ሰዓቱን እያየ ነው። ማሉላት። ምን ያድርጉ፤ በዚያች ሰዓት የሰማይ ኮከብ አውርድልኝ ብትልም ይምሉላት ነበር። ዝርዝሩ ላይ ሃምሳ ዘጠኙን ሰርዘው ሃምሳ ሦስት ጻፉ። አሮጊቷ ጥቅላቸውን እንዳቀፉ፣ ማንን እንደሚመርቁ ሳያውቁ ሁሉንም እየመረቁ ተሳፈሩ። ካፒቴኑ ስርዙን አይቶ «ጋሽ ሚዛንም ይሳሳታሉ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። «አዎ፣ ተሳስቻለሁ» አሉት። አውሮፕላኗ አቧራውን አንስታ ሄደች፤ እሳቸው ሜዳው ዳር ቆመው፣ ድምፅዋ ከጠፋ በኋላም ቆመው ቀሩ። የሚያናግራቸው ሰው አልመጣም።

ከዚያን ቀን በኋላ ጋሽ ሚዛን በየቅዳሜው ጠዋት ይደውላሉ። ስለ አየሩም ስለ ሥራውም አይጠይቁም። «ስንት ነሽ?» ነው የሚሉት።

«ሃምሳ ሦስት።»

በሳምንቱ «ሃምሳ ሦስት ተኩል»። በሚቀጥለው «ሃምሳ አራት»። ከዚያ «ሃምሳ አራት ተኩል። አየህ አይደል፣ እየወፈርኩልህ ነው!»

«እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» ይላሉ። ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ጭር ይላል። ለማን ይንገሩት? ባለሱቁ ጋ ሄደው ዘይት ገዙ፤ አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር፣ ባለሱቁ መልሱን ሰጥቷቸው ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ማክሰኞ ሰልፈኛው ሲጨቃጨቅ፣ ያ የፈረደበት ቀጭን ተከራካሪ ሲመጣ፣ ያችን የብረት ድስት መልስ እንኳ አልመለሱለትም። «ሕጉ ነው» ብቻ አሉት። ሰውዬው ራሱ ደንግጦ ዕቃውን አወረደ።

አንድ ነገር ከነከናቸው። ለማንም የማይታይ፣ ለሃያ ሁለት ዓመት ሰው ለመዘነ ሰው ብቻ የሚታይ ነገር ነው። የሰው ክብደት እንደ ደረጃ ግማሽ ግማሽ እያለ አይወጣም። ሥጋና ደም ነው፤ አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ፣ ውሃ ሲጠጣ ሌላ፣ ሲተኛ ሌላ። እንዲህ አምሮ፣ ተስተካክሎ የሚጨምር ኪሎ ሚዛን ላይ አልተወጣበትም፤ በልብ የታሰበ ነው። ይኼን ያወቁት ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ነው። ሁለት ቅዳሜ ዝም አሉ። ውሸቷን መስማት ራሱ ድምፅዋን መስማት ነው፤ እሱንም እንዳያጡ ፈሩ።

በስድስተኛው ቅዳሜ ደወሉ። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ነው የተነሳው።

«ስንት ነሽ?»

«ሃምሳ አምስት ተኩል» አለች። ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«ሚጡ።»

«አቤት።»

«እኔ ጋ ሰው ሁሉ ይዋሻል። ደመወዜ እሱ ነው፣ አልቀየምም። አንቺ ግን ብትዋሺኝ ማን ይቀረኛል? እውነቱን ንገሪኝ፣ እናቴ። ስንት ነሽ?»

 መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት። አልተቋረጠም። ስታለቅስ ሰሟት፤ ከእናቷ ቀብር ወዲህ ስታለቅስ ሰምተዋት አያውቁም።

«አርባ ስድስት» አለች። «ደረጃውን መውጣት አቅቶኛል፣ አባዬ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከአልጋ አልወረድኩም።»

«እሺ» አሉ። ግድግዳውን በአንድ እጃቸው ይዘዋል። «መጣሁ።»

አትምጣ ትላለች ብለው ጠበቁ። አፍንጫዋን ስትጠርግ ተሰማቸው።

«ወፍራም ሹራብ ያዝ» አለቻቸው። «እዚህ ይበርዳል።»